አንድ ቃል በብዙ ፊደል፤ የፍለጋ ሞተሮች ሞክሼ ፊደላትን፣ ምሕጻረ ቃላትንና ተመሳሳይ ቃላትን የሚያስተናግዱበት መንገድ

የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ የተሰጠው ርእስ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» የሚል ነበር። ዛሬ ይህንኑ መጽሐፍ በኮምፒዩተር አማካይነት የሚፈልግ መምህር ወይም ተማሪ እንደ ዘመኑ ልማድ «አዲስ የአማርኛ መዝገበ ቃላት» ብሎ ቢጽፍ፣ ማንኛውም አንባቢ ሁለቱን ርእሶች አንድ ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል። መሣሪያው ግን ከአራቱ ቃላት ሁለቱን የተለያዩ ሆነው ያገኛቸዋል። «ዐዲስ»ና «አዲስ»፣ «ያማርኛ»ና «የአማርኛ» አንድ መሆናቸውን የሚገልጽ ደንብ አስቀድሞ ካልተሰጠው፣ መጽሐፉ በስብስቡ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የለም የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል።

ይህ ነገር ለትምህርት ሥራ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ተማሪዎች ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ይልቅ ወደ ስልክና ወደ ኮምፒዩተር ማዘንበል ከጀመሩ ቆይተዋል። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስለ አንድ ርእስ በአንድ አጻጻፍ ብቻ ፈልጎ ሲያጣ፣ ያጣው አጻጻፉን እንጂ ዕውቀቱን አለመሆኑን የሚነግረው የለም። ስለዚህም «በአማርኛ የተጻፈ ነገር የለም» ብሎ ይደመድምና ገና በደንብ ወዳልተማረው የውጭ ቋንቋ ይሸጋገራል። የዕቅድ ባለሙያውም በበኩሉ በሁለት አጻጻፍ የተመዘገበውን አንድ ትምህርት ቤት ሁለት አድርጎ ይቆጥራል፤ ወይም በሪፖርቱ ላይ ያየውን ስም በመዝገቡ ውስጥ ስላላገኘው ከድልድሉ ያስቀረዋል። በሁለቱም በኩል የሚደርሰው ጉዳት ከመሣሪያው ክፋት የሚመነጭ ሳይሆን፣ መሣሪያው ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ካለማወቅ የሚመጣ ነው።

ማውጫውና ቁጥሩ

የፍለጋ ሞተር በሚል ስም የተለመደው መሣሪያ ጥያቄ በቀረበለት ቁጥር የተከማቸውን ጽሑፍ ሁሉ አያነብም። ሥራውን አስቀድሞ ይሠራል። ይኸውም ጽሑፎቹን እየሰበሰበ በቃላት ይከፋፍላቸዋል፤ ለእያንዳንዱም ቃል የተገኘባቸውን ጽሑፎች ዝርዝር ይይዛል። አሠራሩ በመሠረቱ በአንድ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ከሚታተመው የቃላት ማውጫ የተለየ አይደለም። ጥያቄ ሲቀርብለት የሚመለከተው ይህንኑ ማውጫ ስለሆነ፣ በማውጫው ውስጥ በዚያ መልክ ያልሰፈረ ቃል ለመሣሪያው እንደሌለ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር መሆኑ ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛ እትሙ ሲሆን፣ በዚሁ ሥርዓት ሃሌታው ሀ 4608፣ ሐመሩ ሐ 4624፣ ብዙኃኑ ኀ 4736 የሚል ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። እንደዚሁም ንጉሡ ሠ 4640፣ እሳቱ ሰ 4656፤ አልፋው አ 4768፣ ዐይኑ ዐ 4816፤ ጸሎቱ ጸ 4920፣ ፀሐዩ ፀ 4928 ናቸው። የአማርኛ ተናጋሪ በሦስቱ ሀ መካከል የድምፅ ልዩነት አይሰማውም። ለኮምፒዩተሩ ግን ሀና ሐ የሚለያዩት ሀና ለ የሚለያዩትን ያህል ነው። እንዲያውም የለ ቁጥር 4616 ስለሆነ፣ በቁጥሩ ብቻ ለሚፈርድ ሰው ለሀ ከሐ ይልቅ ለ ትቀርባታለች።

ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት የአማርኛ ጽሑፍ የሚተየብባቸው ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የቁጥር አሰጣጥ ይከተሉ ነበር። በዚያ ዘመን የተተየበ መርሐ ትምህርት ወይም የመምህሩ መምሪያ ሳይለወጥ ወደ መረጃ ቋት ቢገባ፣ መሣሪያው የሚያየው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅ ብቻ ይሆናል። ቃላትን በሁለት ነጥብ (፡) የሚለያዩ የቆዩ ጽሑፎችም የራሳቸው ችግር አላቸው፤ ሁለት ነጥቡ የቃል ድንበር መሆኑ ለመሣሪያው ካልተነገረው አንድ ሙሉ መስመር እንደ አንድ ቃል ሊመዘገብ ይችላል።

ሞክሼ ፊደላት

እነዚህ ፊደላት በግዕዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። በአማርኛ ድምፃቸው እየተቀራረበ አንድ ሲሆን መልካቸው ግን ሳይለወጥ ቀረ። ከዚህ የተነሣ የሚፈጠረውን የአጻጻፍ ብዛት በስሌት ማየት ይጠቅማል። «ጽሑፍ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደሉ ጽ ወይም ፅ፣ ሁለተኛው ሑ፣ ሁ ወይም ኁ ሊሆን ስለሚችል በ6 መልክ ሊጻፍ ይችላል። «ፀሐይ» 12 መልክ አለው፤ ምክንያቱም ሀ፣ ሐ፣ ኀ ከነራብዓቸው ከሃ፣ ከሓና ከኃ ጋር በአማርኛ በአንድ ድምፅ ስለሚነበቡ ለመካከለኛው ፊደል ስድስት፣ ለመጀመሪያው ሁለት ምርጫ ይገኛል። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ስም በዚሁ ስሌት 24 አጻጻፍ ሲኖረው፣ ሁለቱ ቃላት ተለያይተው ወይም ተጋጥመው መጻፋቸው ሲታከልበት 48 ይደርሳል። እርግጥ ነው፣ ከእነዚህ አብዛኞቹን ማንም አይጽፋቸውም። ይሁን እንጂ ከመካከላቸው አራቱ ወይም አምስቱ በሥራ ላይ ቢገኙ እንኳ በአንዱ ብቻ የሚፈልግ ሰው የሌሎቹን ድርሻ ያጣል።

ችግሩ በሞክሼ ፊደላት ብቻ የሚወሰን አይደለም። «ጐንደር»ና «ጎንደር»፣ «ቊጥር»ና «ቁጥር»፣ «ብሎአል»ና «ብሏል»፣ «ልጅዋ»ና «ልጇ» ጎን ለጎን ይኖራሉ። ከውጭ የመጡ ቃላት ደግሞ ይብሳሉ፤ «ኮምፒዩተር»፣ «ኮምፒውተር»፣ «ኮምፕዩተር» ወይም «ዩኒቨርሲቲ»ና «ዩኒቨርስቲ» እንደ ጸሓፊው ጆሮ ይለዋወጣሉ።

ቃልን በፊደሉ ሳይሆን በድምፁ የመመዝገብ ሐሳብ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። በአሜሪካ ሮበርት ራስል የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1918 «ሳውንዴክስ» ለተባለው ዘዴ የፈጠራ መብት አግኝቷል። ዘዴው የአንድን የቤተሰብ ስም የመጀመሪያ ፊደል ይይዝና የቀሩትን ተነባቢዎች በድምፅ ቅርበታቸው መድቦ በቁጥር ይተካቸዋል፤ አናባቢዎቹን ይተዋቸዋል። በዚህም በተለያየ ፊደል የሚጻፉ ነገር ግን በድምፅ የሚቀራረቡ ስሞች በአንድ ምድብ ይውላሉ። የአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ መዛግብት በእጅ በተሠሩ ካርዶች ማውጫ የተዘጋጀላቸው በዚሁ ዘዴ ነበር።

ለአማርኛ የሚያስፈልገው ከዚህ የቀለለ ነው። ሀን፣ ሐን፣ ኀንና ራብዓቸውን ወደ አንድ ወካይ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ማጠፍ በቂ ነው፤ በየሆሄያቱ ያለው ሥራ ቢበዛም ደንቡ አንድ ነው። የዐረብኛ ማውጫዎችም ሐምዛ ያለበትንና የሌለበትን አሊፍ በአንድ ወካይ በማጠፍ ይሠራሉ። ይህን የሚያዘጋጅ ሰው ሁለት ነገሮችን መጠንቀቅ አለበት። የመጀመሪያው እጥፋቱ በማውጫውም በጥያቄውም ላይ በእኩል መፈጸም ያለበት መሆኑ ነው። ማውጫው ብቻ ታጥፎ ጥያቄው እንዳለ ቢቀር «ፀሐይ» ብሎ በትክክል የጻፈው ተማሪ ከማንም በፊት ባዶ እጁን ይመለሳል። ሁለተኛው እጥፋቱ የጽሑፉን ገጽ መንካት የሌለበት መሆኑ ነው። የሚታጠፈው ማውጫው ነው፤ መጽሐፉ ደራሲው እንደጻፈው መቆየት ይኖርበታል።

እጥፋት ያለ ዋጋ አይገኝም። በሰፊው ልማድ «ድኅነት» በብዙኃኑ ኅ ሲጻፍ መዳንን፣ «ድህነት» በሃሌታው ህ ሲጻፍ ማጣትን ያመለክታል። ፊደሉ ከታጠፈ በኋላ ስለ ነፍስ መዳን የተጻፈ ስብከትና ስለ ኑሮ ችግር የተጻፈ ጥናት በአንድ ዝርዝር ተደባልቀው ይቀርባሉ። በግዕዝም «ሠረቀ» ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ግን የሌላውን ወሰደ ማለት ነው፤ «ሠዐለ» ሥዕል ሠራ፣ «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው። የመረጃ አፈላለግ ባለሙያዎች ይህን ሚዛን በሚገባ ያውቁታል። በእንግሊዝ አገር በክራንፊልድ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሲሪል ክሌቨርደን መሪነት የተካሄዱት ሙከራዎች እንዳመለከቱት፣ ተፈላጊውን ሁሉ ለማግኘት መረቡ በሰፋ መጠን ያልተፈለገውም አብሮ ይገባል፤ ያልተፈለገውን ለማስቀረት መረቡ በጠበበ መጠን ደግሞ ከተፈላጊው ይቀራል። የተሻለ የሚባለው መፍትሔ ሁለቱንም ማውጫዎች መያዝ ነው። የታጠፈው ማውጫ ሁሉንም ያመጣል፤ ያልታጠፈው ከጠያቂው ፊደል ጋር በትክክል የገጠመውን ወደ ላይ ያወጣል። በዚህ አሠራር ፊደልን ጠንቅቆ የጻፈ ተማሪ ብልጫ ያገኛል፤ ያልጠነቀቀውም ባዶውን አይመለስም። «መሣሪያው ራሱ ያርመዋልና የፊደል ትምህርት ይቅር» የሚለው አስተያየት ውኃ የማይቋጥርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የስሕተት እርማት ከዚህ የተለየ ሥራ ነው። ቭላዲሚር ሌቨንሽታይን የተባለው ሩሲያዊ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ጽሑፍ በሁለት ቃላት መካከል ያለው ርቀት የሚለካበትን መንገድ አሳይቷል፤ ይኸውም አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመለወጥ ስንት ፊደል መጨመር፣ መቀነስ ወይም መተካት እንደሚያስፈልግ በመቁጠር ነው። ከእርሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ፍሬድ ዳሜራው በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ላይ ባደረገው ምርመራ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የፊደል ግድፈቶች የአንድ ፊደል መጨመር፣ መጉደል፣ መለወጥ ወይም የሁለት ጎረቤት ፊደላት ቦታ መለዋወጥ መሆናቸውን ገልጿል። ይህ ልክ ለእንግሊዝኛ ቢያገለግልም ለአማርኛ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። በአማርኛ አንድ ሆሄ ተነባቢንና አናባቢን አጣምሮ ስለሚይዝ ቃላቱ አጫጭር ናቸው፤ የአንድ ሆሄ ለውጥ የሚያመጣው ልዩነትም ከባድ ነው። «ሀገር» ከ«አገር» የሚርቀው በአንድ ሆሄ ነው፤ ከ«ነገር» የሚርቀውም እንደዚሁ በአንድ ሆሄ ነው። ርቀትን ብቻ የሚቆጥር መሣሪያ የመጀመሪያው ያው ቃል፣ ሁለተኛው ፈጽሞ ሌላ ቃል መሆኑን ሊያውቅ አይችልም። እጥፋቱ ከርቀት ቆጠራው መቅደም ያለበት ስለዚህ ነው።

የቃል ዕርባታ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚጠይቅ በመሆኑ እዚህ የሚነሣው በአጭሩ ነው። «መምህር»፣ «መምህሩ»፣ «የመምህራን»፣ «ከመምህሮቻችን» በአንድ ሥር እንዲውሉ መነሻና መድረሻ ቅጥያዎችን መገንጠል ያስፈልጋል። ግንጠላው ያለ መዝገበ ቃላት ከተካሄደ ግን «በሬ» በ ተነጥቆ «ሬ»፣ «ከተማ» ከ ተነጥቆ «ተማ»፣ «ለማ» የተባለው ሰው ደግሞ «ማ» ሆነው ይቀራሉ። ማርቲን ፖርተር እ.ኤ.አ. በ1980 ለእንግሊዝኛ ያወጣው የግንጠላ ደንብ የቃሉን መድረሻ ብቻ የሚነካ ስለሆነ ለእኛ ቋንቋ የሚያቀርበው ምሳሌነት የተወሰነ ነው።

በእዝባርና በነጥብ የሚያጥሩ ቃላት

የመሥሪያ ቤት አማርኛ ያለ ምሕጻረ ቃል አይንቀሳቀስም። (ምሕጻረ ቃል የሚለው ስያሜ ራሱ በሞክሼ ፊደላት ምክንያት በ6 መልክ የሚጻፍ መሆኑን ልብ ይሏል።) ት/ቤት፣ ጽ/ቤት፣ መ/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ዶ/ር፣ ዓ.ም. በየገጹ ይገኛሉ። ችግሩ የሚጀምረው መሣሪያው ቃላትን ሲከፋፍል ነው። እዝባሩንና ነጥቡን የቃል ድንበር አድርጎ ከወሰዳቸው «ት/ቤት» «ት» የምትባል ፊደልና «ቤት» የሚል ቃል ይሆናል። «ዓ.ም.»ም «ዓ»ና «ም» ሆኖ ይበተናል፤ «አ.አ.ዩ.» ብሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የሚፈልግ ሰው ሦስት ነጠላ ፊደላትን እንደ ፈለገ ይቆጠራል። በመሆኑም የታወቁ ምሕጻረ ቃላት ከመከፋፈላቸው በፊት ተለይተው እንደ አንድ ቃል መያዝ፣ ከተፍታታው ስማቸውም ጋር መያያዝ አለባቸው።

ማያያዙ ቀላል የሚሆነው ምሕጻሩ አንድ ፍቺ ብቻ ሲኖረው ነው። «ት/ቤት» ሁልጊዜ ትምህርት ቤት ነው። «ት/ሚኒስቴር» ግን ትምህርትም ትራንስፖርትም ሊሆን ይችላል። «ወ/ማርያም» ወልደ ማርያም ነው ተብሎ ቢገመትም በክርስትና ስም መዝገብ ላይ ወለተ ማርያም ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ የሚለወጠው የሰውየው ጾታ ነው። ለዕቅድ ባለሙያ ከሁሉ የሚከፋው «ም/» ነው። «ም/ርእሰ መምህር» ሲባል ምክትል መሆኑ ግልጽ ነው። «ም/ጎጃም» ግን ምሥራቅ ነው ወይስ ምዕራብ? «ም/ሐረርጌ»ስ? ጸሓፊው በአካባቢው ሆኖ ሲጽፍ ነገሩ ለእርሱ ግልጽ ነበር፤ ወረቀቱ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሲደርስ ግን ግልጽነቱን በመንገድ ጥሎት ይመጣል። ዘመናዊ መሣሪያዎች ይህን የሚፈቱት በአካባቢው ያሉትን ቃላት በማየት ነው፤ በዚያው ገጽ ደብረ ማርቆስ ከተጠቀሰ ምሥራቅ፣ ፍኖተ ሰላም ከተጠቀሰ ምዕራብ ጎጃም መሆኑ ይገመታል። ግምቱ ብዙ ጊዜ ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን ግምት ነው፤ የመጻሕፍት ድልድል በግምት ላይ መመሥረት የለበትም። «ምሥ/ጎጃም» ወይም «ምዕ/ጎጃም» ብሎ መጻፍ የሚጠይቀው አንድ ተጨማሪ ሆሄ ብቻ ነው።

ከየቃላቱ መነሻ ፊደል የሚሠሩት ስሞች ደግሞ ሌላ ባሕርይ አላቸው። የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሲያጥር «ኢሠማኮ» ይባላል፤ ሙሉ ስሙን በእሳቱ ሰ የሚጽፍ ሰው ምሕጻሩንም «ኢሰማኮ» ይለዋል። የሞክሼ ፊደላት ችግር በዚህ መንገድ ወደ ምሕጻሩ ይሻገራል። ከውጭ ቋንቋ እንዳሉ የተወሰዱት፣ ለምሳሌ «ዩኔስኮ»፣ በአማርኛ ከተተረጎመው ሙሉ ስም ጋር አንድም የፊደል ዝምድና የላቸውም። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የሚለውን ስም ማንም መሣሪያ ከፊደሉ ተነሥቶ «ዩኔስኮ» ብሎ ሊያጥረው አይችልም፤ በሰው እጅ የተዘጋጀ ዝርዝር ወይም ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ የያዙ ብዙ ጽሑፎች ያስፈልጉታል።

ተመሳሳይ ቃላት

እስከ አሁን የተነሣው አንድ ቃል በብዙ መልክ መጻፉ ነው። አሁን የሚመጣው ደግሞ አንድን ነገር በብዙ ቃላት መጥራት ነው። «ባዮሎጂ»ና «ሥነ ሕይወት»፣ «ርእሰ መምህር»ና «ዲሬክተር»፣ «መምህር»ና «አስተማሪ» በፊደል አይገናኙም። እዚህ ላይ የሚረዳው ፍቺውን የሚያውቅ ሰው ወይም የቃላቱን አኗኗር ያጠና መሣሪያ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ የተቆጣጣሪ ቃላት ዝርዝር ማዘጋጀት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው የቃላት ዝርዝር በትምህርት፣ በሳይንስና በባህል መስክ ለእያንዳንዱ ጽንሰ ሐሳብ አንድ የተመረጠ ቃል ተሰጥቶ የቀሩት ወደ እርሱ እንዲመሩ ተደርጓል። ሁለተኛው መንገድ አዲስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የተስፋፋው ዘዴ እያንዳንዱን ቃል ከምን ከምን ቃላት ጋር እንደሚውል ከብዙ ሚሊዮን ዐረፍተ ነገሮች በመቁጠር በቁጥሮች ረድፍ ይወክለዋል። «ባዮሎጂ»ና «ሥነ ሕይወት» በተመሳሳይ ቃላት መካከል ስለሚገኙ የቁጥር ረድፋቸው ይቀራረባል። ሰው ከባልንጀራው ይታወቃል እንደሚባለው ቃልም ከጎረቤቱ እንዲታወቅ ተደርጓል ማለት ነው። ነገር ግን ጎረቤታሞች ሁሉ አንድ አይደሉም። «ማለፍ»ና «መውደቅ» ሁለቱም ከ«ፈተና» ጋር ይውላሉ፤ በዚህ ዘዴ መቀራረባቸው አይቀርም፤ ፍቺያቸው ግን ተቃራኒ ነው።

ዘዴው የተመሠረተው በጽሑፍ ብዛት ላይ ስለሆነ ለአማርኛ የሚሰጠው አገልግሎትም በዚያው ልክ ይወሰናል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2018 ለ104 ቋንቋዎች ባወጣው «በርት» በተባለው ሞዴል ውስጥ አማርኛ አልነበረበትም፤ በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ለሞዴሉ የማይታወቅ ምልክት ብቻ ነበር። በተከታዩ ዓመት የፌስቡክ ተመራማሪዎች ለ100 ቋንቋዎች ባዘጋጁት ሞዴል አማርኛ ተካትቷል። መሻሻል መሆኑ አይካድም። ሆኖም አንድ ቃል በ6 መልክ ተበታትኖ በሚጻፍበት ቋንቋ ያለው ጥቂት ጽሑፍ እንደገና በስድስት ይከፈላል፤ መሣሪያውም ስለ እያንዳንዱ መልክ የሚማረው ያንኑ ያህል ያንሳል። ከዚህም ሌላ ካረን ስፓርክ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳየችው መሠረት መሣሪያዎቹ በጥቂት ጽሑፎች ብቻ ለሚገኝ ቃል ከፍ ያለ ክብደት ይሰጣሉ፤ እንግዳ አጻጻፍም ስለ ብርቅነቱ ብቻ የማይገባውን ክብደት ይወስዳል።

ለትምህርት ባለሙያ የሚያሳስበው ሌላው ነገር ለተራ ተናጋሪ ተመሳሳይ የሚመስሉት ቃላት በሙያው ውስጥ የተለያዩ መሆናቸው ነው። «ፈተና»ና «ምዘና» በዕለት ተዕለት ንግግር ይተካካሉ፤ በመምህራን ማሠልጠኛ ግን ፈተና ከምዘና መንገዶች አንዱ ብቻ ነው። «ሥርዓተ ትምህርት»ና «መርሐ ትምህርት»ም እንደዚሁ የሙሉና የከፊል ያህል ይለያያሉ። የቦታ ስሞች ደግሞ ከዘመን ጋር ይታያሉ። ናዝሬትና አዳማ፣ ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ አንድ ከተማ ስለሆኑ ሊያያዙ ይገባል። «ክፍለ ሀገር»ና «ክልል»፣ «አውራጃ»ና «ዞን» ግን ቦታ የተተካኩ ቢመስሉም ወሰናቸው አንድ ስላልሆነ፣ መሣሪያው አንድ አድርጎ ቢያቀርባቸው የሁለት ዘመን የተማሪ ቁጥር የማይነጻጸረው ተነጻጽሮ ይወጣል።

በመዝገብ ቤትና በክፍል ውስጥ

የትምህርት ቤቶች ወይም የተማሪዎች መዝገብ የሚያዘጋጅ ክፍል ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የማይለወጥ መለያ ቁጥር፣ ሳይታጠር የተጻፈ አንድ ይፋዊ ስም፣ ከዚያም ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ የተጠራባቸውንና የተጻፈባቸውን ስሞች ሁሉ የሚይዝ ዝርዝር ቢኖረው አብዛኛው ችግር ይቃለላል። የቆዩ መዛግብትን «ለማስተካከል» ሲባል ፊደላቸውን በጅምላ መለወጥ ግን የሚያስወግዱት ልማድ ነው፤ የተለወጠው ገጽ ከዋናው ሰነድ ጋር መመሳከሩ ይቀራል። በተማሪዎች ስም ላይ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት። በአንዱ ወረቀት «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሀይ» የተባለችው ልጅ አንድ ልትሆን ትችላለች፤ ሁለት ልጆችም ሊሆኑ ይችላሉ። መሣሪያው ሁለቱን መዝገቦች አጠገብ ለአጠገብ ያቅርብ እንጂ በራሱ አያዋሕዳቸው። የአባትን፣ የአያትን ስምና የልደት ዘመንን አይቶ የሚወስን ሠራተኛ ያስፈልጋል። የአንዲት ልጅ የስምንት ዓመት ውጤት ወደ ሌላዋ ከተዛወረ በኋላ ማረም ከባድ ነው።

በክፍል ውስጥ ደግሞ ጉዳዩን በአንድ ክፍለ ጊዜ ሠርቶ ማሳየት ይቻላል። መምህሩ «ሥነ ሕይወት» የሚለውን ስም ይሰጣል፤ ተማሪዎቹ የሥን ሁለት፣ የሕን ሦስት ምርጫ፣ ከዚያም ቃላቱ ተለያይተው ወይም ተጋጥመው መጻፋቸውን አስልተው 12ቱን አጻጻፍ በሰሌዳ ላይ ያሰፍራሉ። በመቀጠል በአራት ቡድን ተከፍለው እያንዳንዱ ቡድን ሦስት ሦስቱን በሚያገኙት የፍለጋ ሞተር ይፈልጋል፤ ከላይ የቀረቡትን የአምስት አምስት ጽሑፎች ርእስ ይመዘግባል። ዝርዝሮቹ አንድ ሆነው ከተገኙ መሣሪያው ፊደሉን አጥፎታል። ከተለያዩ አላጠፈውም፤ ወይም አጥፎ ትክክለኛውን ገጣሚ ወደ ላይ አውጥቷል፤ ይህን ለመለየት የተገኙትን ጽሑፎች ከፍቶ ቃሉ በውስጣቸው እንዴት እንደ ተጻፈ ማየት ይበቃል። ኮምፒዩተር በሌለበት ትምህርት ቤት ሥራው በቤተ መጻሕፍቱ የካርድ ማውጫ ሊከናወን ይችላል፤ «ሐዲስ ዓለማየሁ» በሐመሩ ሐና በሃሌታው ሀ ሥር ተለያይተው የተቀመጡ ካርዶች ካሉት፣ ተማሪዎቹ ካርዶቹን ቆጥረው አንዱን ወደ ሌላው የሚመራ ተጨማሪ ካርድ ጽፈው ማስገባት ይችላሉ።